ዋስ የሌለው እቁብ

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው አንድ ጥናት፣ የጃቫ ሰዎች «አሪሳን»፣ ቻይናውያን «ሁይ»፣ የናይጄሪያ ዮሩባዎች «ኤሱሱ» የሚሉትን የገንዘብ ማኅበር አነጻጽሮ መርምሯል። ስሙ በየአገሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ እኛ እቁብ የምንለው ነው። የጊርትዝ ድምዳሜ፣ ይህ ማኅበር ከገበሬ ኑሮ ወደ ንግድ ኑሮ ለሚሸጋገር ሕዝብ የመሰላል መካከለኛ እርከን ነው፤ ሕዝቡ በገንዘብ ማስላትን ሲለምድና ባንክ ሲስፋፋ ሥራውን ጨርሶ ይቀራል የሚል ነበር። እኔ ይህን ጥናት ያነበብሁት ቨርጂኒያ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ሲሆን፣ በኪሴ የሁለት ባንኮች ካርድ ይዤ በየወሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ እቁብ ልጥል በምሄድበት ዘመን ነው።

ጊርትዝ ጃቫ ላይ ያየውን በጥንቃቄ ጽፏልና ልነቅፈው አልነሣም። ሆኖም በእኛ እቁብ ውስጥ ያሉት ነርሶች፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች፣ የታክሲ ሹፌሮችና የሒሳብ ባለሙያዎች ደመወዛቸው በቀጥታ ባንክ የሚገባላቸው ናቸው፤ የባንክ አሠራር ያልገባው ሰው ከመካከላችን የለም። እቁብን ያኖረው የባንክ እጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አገር አንድ ዙር እንኳ ባልዞረ ነበር።

የኢኮኖሚ ምሁራን የሰጡት መልስ ቀላልና ውብ ነው። ቲሞቲ ቤዝሊ፣ ስቲቨን ኮት እና ግሌን ሉሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ያሳዩት ነገር በእኛ እቁብ ሲሰላ እንዲህ ይሆናል። 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ዶላር ለየብቻቸው ቢያጠራቅሙ፣ ሁሉም 12,000 ዶላር የሚሞላላቸው በ12ኛው ወር ነው። ያንኑ ገንዘብ እቁብ ቢጥሉት ግን የመጀመሪያው ባለዕጣ በአንደኛው ወር፣ ሁለተኛው በሁለተኛው ወር እያለ ይቀጥላል። የመጨረሻው ሰው እንኳ ብቻውን ቢያጠራቅም ከሚያገኝበት ጊዜ አይዘገይም፤ የቀሩት 11 ሰዎች ግን ይቀድማሉ።

ይህ ሒሳብ የሚያምረው ዋጋ ባለበት ሲቆይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሸቀጥ ዋጋ በየወሩ ሲንር መጨረሻ የወጣለት ሰው በተቀበለው ገንዘብ መጀመሪያ ያሰበውን ዕቃ ላይገዛበት ይችላል፤ ስለዚህ እዚያ ሰው ቀድሞ እንዲወጣለት ይጸልያል፣ የቸገረውም ከባለዕጣው ላይ ዕጣ ይገዛል። እዚህ ግን «እኔን መጨረሻ አድርጉኝ» የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ጥቂትም ቢሆን ወለድ እንደሚያገኝ ሰዎቹ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር፣ ሰው ገንዘቡን በአእምሮው በተለያየ ሣጥን ከፋፍሎ እንደሚያስቀምጥና ከራሱ ፍላጎት ጋር እንደሚታገል ያስተማረው ትምህርት ይህን በደንብ ያስረዳል። ባንክ ያለ ገንዘብ ማታ በስልክ ይወጣል፤ የተጣለ እቁብ ግን ተራው እስኪደርስ ድረስ አይነካም። አገር ቤት ያለ ወንድም ቸግሮት ሲደውልም «እቁብ ላይ ነው» ማለት እውነተኛ መልስ ነው፤ ጠያቂውም ሳይቀየም ይቀበለዋል።

እነዚህ ማብራሪያዎች ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን ስለሚጥለውና ስለሚወጣለት ሰው ሲናገሩ፣ ሦስተኛውን ሰው፣ ዋሱን፣ በበቂ የሚያሳዩ ሆነው አላገኘኋቸውም።

እናቴ ልደታ ሰፈር በምትጥለው እቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በዚያው ቀን አይወስድም ነበር፤ ዋስ እንዲጠራ ይነገረዋል። ዋሱ ገንዘብ ያለው መሆኑ አይበቃም፤ ቃሉን የሚያከብር ሰው መሆኑን ዳኛው ከእቁብተኞቹ ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ነው በጸሐፊው ደብተር ላይ የሚፈርመው። ለእናቴ የፈረመችላት በርበሬ ነጋዴ የሆነች ጎረቤታችን ነበረች። ፊርማው ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀም፤ የቆመው ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት ላይ ነው። እናቴ ያቺን ሴት በየአራስ ቤቷ ጠይቃታለች፣ ድግሷን አብራ ደግሳለች፣ ባሏ በሞተ ጊዜም ሱቋን ዘግታ ከድንኳኑ ሳትለይ ሰንብታለች። ምሁራን «ማኅበራዊ ካፒታል» የሚሉት ነገር፣ ማለትም ሰዎችን የሚያስተሳስረው መተማመን፣ ከባህል በነጻ የተገኘ ስጦታ መስሎ ሲቀርብ የምከፋው ለዚህ ነው። በጉልበት፣ በጊዜና በይሉኝታ የተከፈለበት ሀብት ነው፤ እኔ ባደግሁበት ሰፈር ደግሞ ከከፋዮቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ።

ወደ አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የመኪና ብድር ስጠይቅ፣ አንድ ባንክ የብድር ታሪክ የለህም ብሎ መለሰኝ። እዚህ አገር የተበዳሪ ታማኝነት ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ ፋይኮ የሚባለው ይህ ነጥብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ነጥቡ የማን ዘመድ እንደሆንሁ፣ ጎረቤቴ ምን እንደሚለኝ አይጠይቅም። ይህ ትልቅ ፍትሕ መሆኑን መካድ አልፈልግም፤ አገር ቤት ዋስ የሚሆነው ሰው ያጣ ስደተኛ ወይም ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ስንት በር እንደሚዘጋበት አይቻለሁና። ነገር ግን ነጥቡ የሚያውቀው የተመዘገበ ዕዳዬንና አከፋፈሌን ብቻ ነው፤ ለዓመታት ሳላጓድል የጣልሁት እቁብ በውስጡ የለም።

ያቺን መኪና በመጨረሻ የገዛሁት በእቁብ ነው። ያኔ ዋስ አልተጠየቅሁም፤ ማንም አልተጠየቀም። ዕጣውን፣ ዳኛውንና ደብተሩን ይዘን ስንሰደድ ዋሱን አገር ቤት ትተነዋል፤ ምክንያቱም ዋስ ለመሆን አንዱ ሌላውን በክፉም በደጉም ለዓመታት ማየት ይኖርበታል፣ እኛ ደግሞ አንዳችን በሌሊት ሌላችን በቀን ፈረቃ የምንሠራ ሰዎች ነን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ እቁብተኛ በሁለተኛው ወር ዕጣ ወጣለትና ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ፤ ስልኩም ተዘጋ። የእርሱን ድርሻ ዳኛው ከኪሱ እየጣለ ዙሩን አስጨረሰ። ሶሲዮሎጂስቱ ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ማኅበራዊ ካፒታል በጻፈው ታዋቂ ጥናት ይህንኑ አደጋ አንሥቷል፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው ከጠፋ ሌሎቹ ይከስራሉ፣ ስለዚህ ማኅበራዊ ትስስሩ በላላ ከተማ እንዲህ ያለ ማኅበር ይሠራል ብሎ ማሰብ አይቻልም ይላል። እኛ ዘንድ ዙሩ የተጠናቀቀው ትስስሩ ጠብቆ አይደለም፤ አንድ ሰው ለሦስት ልጆቹ ያጠራቀመውን ገንዘብ ስላፈሰሰ ነው። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ዳኛ አልሆነም፤ እንዲሆንም ማንም ሊለምነው አልደፈረም።

አሁን ደንብ አውጥተናል። ቀድሞ የወጣለት ሰው፣ ገና ያልወጣለትን አንድ እቁብተኛ ዋስ አድርጎ ያስፈርማል፤ ሰውየው ቢጠፋ የዋሱ ዕጣ ይያዛል። በዚህ ምክንያት ስብሰባችን ረዝሟል፤ ቀድሞ ገንዘብ አስረክቦ የሚሮጠው ሰው አሁን ቡና እስኪፈላ ይቀመጣል፣ ነገ ዋስ የሚሆነውን ሰው ማወቅ ግድ ሆኖበታልና።

አገር ቤት የማየው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ነው። እቁብ በስልክ መተግበሪያ መጣል ጀምሯል፤ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ባንኮች ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ሲጠይቁት ለኖሩት አነስተኛ ነጋዴ፣ ለዓመታት የጣለው እቁብ ተመዝግቦ አንድ ቀን እንደ ብድር ታሪክ ቢቆጠርለት እኔ ራሴ ያጣሁትን አገኘ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስሄድ የእኅቴ ልጅ በስልኳ የምትጥለውን እቁብ አሳየችኝ። ከ20 አባላት ውስጥ በአካል የምታውቃቸው ሦስቱን ብቻ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ወስዶ ቢጠፋ ማን ይጥልለታል ብዬ ጠየቅኋት፤ ድርጅቱ ይከፍላል ሲባል እንደሰማች፣ ውሉን ግን እንዳላነበበች ነገረችኝ። አብረን ተቀምጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብነው። ስለ ዕጣው አወጣጥ ሁለት ሙሉ አንቀጽ አለው፤ ወስዶ ስለሚጠፋ ሰው የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር አላገኘንበትም።