የሃርለሙን ቤተ ክርስቲያን ለባለቤቶቹ ተዉላቸው

ሰሞኑን በአንድ የዲያስፖራ ውይይት ላይ የተነገረ ነገር በማኅበራዊ ሚዲያ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ሃርለም፣ ኒው ዮርክ ያለውን አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1808 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመሠረቱት ከጎንደር የሄዱ ነጋዴዎች ናቸው፣ ለዚህም ስሙ ራሱ ምስክር ነው ተባለ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ማስረጃውስ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ስሙ ምስክር ከሆነ፣ ከጆርጂያ የሄደው ጥቁር ሰባኪ ጆርጅ ላይል በ1780ዎቹ ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ የተከለውን ጉባኤ የኢትዮጵያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ያለው የትኛው ጎንደሬ ሄዶለት ነው? በሜይን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ በ1828 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ማኅበርስ? የዚያ ዘመን ጥቁር ክርስቲያን መዝሙር 68ን ሲያነብ፣ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለው ጋ ሲደርስ ራሱን ያገኝ ነበር። ለስሙ ይህ ይበቃል።

የበለጠ የሚያናድደው እንዲህ የሚያወሩት ሰዎች የባፕቲስት አጥቢያ እንዴት እንደሚቋቋም ለማወቅ አንድ ቀን እንኳ አለመድከማቸው ነው። ባፕቲስቶች ዘንድ እዚህ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ይተከል ብሎ የሚያዝ ጳጳስ የለም፤ አጥቢያውን የሚያቆሙት አባላቱ ናቸው። ለመውጣት የፈለጉት መጀመሪያ ለእናት ቤተ ክርስቲያናቸው አመልክተው የመሸኛ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው በአባላት ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበትና በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ከዚያ የእምነት አንቀጻቸውንና ቃል ኪዳናቸውን ይጽፋሉ፤ የጎረቤት አጥቢያዎች መልእክተኞች መጥተው ትምህርታቸውን ይመረምራሉ፤ ዲያቆናት ይመረጣሉ፤ መጋቢ ይጠራል። ንብረት በማኅበሩ ስም ለመያዝ ደግሞ በ1784ቱ የኒው ዮርክ ሕግ መሠረት ከ3 እስከ 9 ባለአደራዎች መርጦ ማስመዝገብ ነው። አጥቢያ የሚያቆመው ግን አባል ብቻ ነው። አባል ለመሆን ደግሞ ካደጉ በኋላ እምነትን በአንደበት መስክሮ፣ ውሃ ውስጥ ጠልቆ መጠመቅ ግድ ይላል። በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሳ ጎንደሬ በእነሱ ሚዛን ያልተጠመቀ ሰው ነው። እንግዲህ ነጋዴያችን ማተቡን አስሮ አትላንቲክን ተሻገረ፣ የአባቶቹን ጥምቀት ትቶ እንደገና ተጠመቀ፣ አባል ሆነ፣ ከዚያ ከነጮች ተለይተህ ተቀመጥ ቢባል ተቀይሞ ወጣ ልንል ነው! ይኸውም ነጋዴው ክርስቲያን ከነበረ ነው። የጎንደርና የምጽዋን ንግድ በአብዛኛው የያዙት ጀበርቲ ሙስሊሞች አልነበሩም እንዴ? የጀበርቲ ነጋዴ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ሊያደርግ?

መንገዱም አያስኬድም። አገሩ ዘመነ መሳፍንት፣ ምጽዋ በኦቶማን ቱርክ ስም በሚገዛው ሹም፣ በናይቡ እጅ። የአሜሪካ መርከቦች ለቡና እስከ የመን ወደብ ሞካ ይመጡ እንደነበር እናውቃለን። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን በዲሴምበር 1807 የፈረመው የእገዳ ሕግ እስከ ማርች 1809 ድረስ የአሜሪካ መርከቦች ወደ ውጭ ወደብ እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበር። በ1808 ኒው ዮርክ ላይ መርከቦች መልሕቃቸውን ጥለው ቆመዋል። ቀደም ብለው መጥተው ከርመው ነበር የሚል ካለ የመርከቡን ስም ይንገረን።

ያንን አጥቢያ ያቆሙት ጎልድ ስትሪት ላይ የነበረው የፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር አባላት ናቸው። ከነጮች ተለይታችሁ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው ወጡ፤ ከቦስተን የመጣው ጥቁር መጋቢ ቶማስ ፖል ረዳቸው፤ አንቶኒ ስትሪት፣ ዛሬ ዎርዝ የሚባለው መንገድ ላይ ቤት ያዙ። ኒው ዮርክ ውስጥ ባርነት ጨርሶ የተሻረው በ1827 መሆኑን አስቡት። ባርነት ባለበት ከተማ ከነጭ ቤተ ክርስቲያን እምቢ ብሎ መውጣት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የገባው ሰው ያንን ድፍረት ነጥቆ ለነጋዴ አይሰጥም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በታሪኳ ኢትዮጵያውያንን ታነሳለች፤ አይካድም። ትውፊት ነው፣ ይከበር። እነሱ ግን ሲተርኩት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አብረው ወጡ ነው የሚሉት። የእኛዎቹ «አብረው» የምትለዋን ቆርጠው ጣሏት፤ ጥቁር አሜሪካዊውም ከራሱ ታሪክ ወጣ።

ደግሞ ምን ቸግሮን? አዳም ክሌይተን ፓወል አባት ከ1908 እስከ 1937 መርቶ አጥቢያውን ወደ ሃርለም አሻገረው፤ በምዕራብ 138ኛ መንገድ ያለው ሕንፃ በ1923 ተመረቀ። መንበሩን የተረከበው ልጁ ከ1945 ጀምሮ የኮንግረስ አባል ሆነ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሄደው የሰጡት የኢትዮጵያ መስቀል ዛሬ የቤተ ክርስቲያኒቱ ምልክት ነው። በ2007፣ የ200ኛ ዓመታቸው ዋዜማ ላይ፣ በመጋቢ ካልቪን በትስ መሪነት ከ150 በላይ ምእመናን ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። ሰነድ ያለው ዝምድና ይኸው። ይህን ትቶ የሌለ ነጋዴ መፍጠር ምን ይባላል?

አሁንም ልሟገት የሚል ካለ፣ በ1808 ከፈርስት ባፕቲስት መሸኛ ከተጻፈላቸው አባላት መካከል የአንድ ሐበሻ ስም ያምጣ። አንድ ይበቃል።