የሞክሼዬን ዕዳ እስከ መቼ ልክፈል?

እናንተዬ፣ ዛሬስ ልናገረው። በሆዴ ይዤው ቆየሁ፣ አልቻልኩም።

ወንጀል የለብኝም። ታስሬ አላውቅም። ዜግነቴን በሥርዓቱ ወስጃለሁ፣ ለሱም አሻራ ሰጥቼ ተጣርቻለሁ። ሽጉጥ ልገዛ ስሄድ ግን ምን እንደሚገጥመኝ አላውቅም። አንዴ እዚያው ቆሜ ሳለሁ «ፕሮሲድ» (ይለፍ) ተባለልኝ። ሌላ ጊዜ በማግስቱ ተደወለልኝ። አሁን ደግሞ «ዲሌይ» (ይቆይ) ተባልኩና መልሱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሰውዬው ያው እኔ ነኝ። አድራሻዬ አልተቀየረም። መዝገቤ አልተቀየረም። ታዲያ ምን ተቀየረ? የሚነግረኝ የለም።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅልኝ። ማጣሪያው ይቅር አላልኩም። ባክግራውንድ ቼክ ያስፈልጋል። ሚስቱን ደብድቦ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ እንዲይዝ አልፈልግም። አጣሩኝ። ደግማችሁ አጣሩኝ። መቼ እንደምትጨርሱ ግን ንገሩኝ።

«ሽጉጥ ምን ያደርግልሃል?» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አከብራችኋለሁ። እኔ የምሠራው ዳላስ አካባቢ ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ባለሱቁ ፈቅዶልኛል። ለሊቱን ብቻዬን ነኝ። በዘረፋ ለተገደለ ወገን ለቅሶ የደረሰ፣ አስከሬን ለመሸኘት ያዋጣ ሰው ስሜቴን ያውቀዋል። ባለቤቴ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምታድረው። ሽጉጥ ሁሉን ያድናል አልልም። ውሳኔው ግን የእኔና የቤተሰቤ ነው፣ ሕጉም ይፈቅድልናል።

አሠራሩን ለማታውቁ ላስረዳ። ይህ ማጣሪያ የመጣው ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1993 በፈረሙት የብሬዲ ሕግ ነው። ኒክስ የሚባለው የፌዴራል ሲስተም በኖቬምበር 30 ቀን 1998 ሥራ ጀመረ። የሚያስተዳድረው ኤፍቢአይ ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ ክላርክስበርግ ላይ። ሱቁ ፎርም 4473 ያስሞላችኋል። ስማችሁን፣ የትውልድ ቀናችሁን፣ የተወለዳችሁበትን አገር ትሞላላችሁ። ሻጩ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ይልከዋል። የሚመጣው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ፕሮሲድ፣ ዲሌይ ወይም ዲናይ (ተከልክሏል)። ቨርጂኒያ ያላችሁ ሱቁ የሚጠይቀው የስቴቱን ፖሊስ ነው። እኛ ቴክሳስ ያለነው በቀጥታ ወደ ፌዴራሉ ነው የምንሄደው።

ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል እዚያው መልሱን ያገኛል። ብሶቴ ስለ ቀሪው ሰው ነው።

ዲሌይ ማለት ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም። ስምህና የትውልድ ቀንህ ከሆነ ሰው መዝገብ ጋር ተቀራርቧል፣ ሰው በእጁ ይየው ማለት ነው። እንግዲህ የእኛን ስም አስቡት። የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባቴ ስም መጨረሻ ይመጣል፣ ሌላው ላይ የአያቴ። ዳንኤል፣ ሳሙኤል፣ ዮሴፍ፣ አብርሃም እንባላለን፣ በአባትም በልጅም ቦታ። አሜሪካኑም እንደዚያው ይባላል። መሐመድ ወይም አሕመድ የሚባሉ ወንድሞቻችንማ ዓለም ሁሉ ሞክሼያቸው ነው። በዚህ ላይ በስደተኛ ካምፕ ያለፉ ብዙ ወገኖች ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው የትውልድ ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። እናት በክረምት ወለደች እንጂ ቀኑን ማን መዘገበው? ስሙም ቀኑም የጋራ ሲሆን ኮምፒውተሩ አንተን ከማታውቀው ሰው ጋር ያዛምድሃል። እዚያ ማዶ፣ ረግጬው በማላውቀው ስቴት፣ አንድ ሞክሼዬ የሠራውን እዚህ እኔ እከፍላለሁ።

ሱቁ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ከሁሉም በላይ የሚያመኝ እሱ ነውና። ከኔ ኋላ የመጣው ሰው ሞልቶ፣ ከፍሎ፣ ይዞ ይወጣል። ሻጩ ወደኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ዲሌይ ነው የሚለው» ይላል። ምክንያቱን ለእሱም አይነግሩትም። ግን ዓይኑ ይለወጣል። መታወቂያዬን እንደገና ያገላብጣል። ሌላው ደንበኛ ያየኛል። ምን አድርጎ ይሆን የሚለውን ሐሳብ ፊቱ ላይ አነበዋለሁ። ቤት ስገባም ያው ጥያቄ ነው። የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ላስረዳ? ስሙን ጠብቆ ለኖረ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። አንጀቴ ነው ያረረው።

ሦስት የሥራ ቀን የሚባል ነገር አለ። በፌዴራሉ ሕግ ሦስት የሥራ ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ሱቁ መሣሪያውን መስጠት ይችላል። ዓርብ የሄደ ሰው ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን ጠብቆ ሐሙስ ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ሊወስድ ይችላል እንጂ ይወስዳል አይደለም። ሱቁ አልሰጥም ካለ መብቱ ነው። የኔው ሱቅ «ፕሮሲድ ካልመጣ አንሰጥም» አለኝ። ገንዘቤን ግን መጀመሪያ ነው የተቀበለው። ይህን ደንብ ከመክፈሌ በፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ይባስ ብሎ ማጣሪያው የሚያገለግለው ለ30 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ካልተረከብክ እንደገና ከ«ሀ» ትጀምራለህ። አዲስ ፎርም፣ አዲስ ማጣሪያ፣ ምናልባትም አዲስ ዲሌይ።

ሱቁ የሚፈራበት ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። በጁን 17 ቀን 2015 ቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ የነበሩ 9 ሰዎች ተገደሉ። ገዳዩ ሽጉጡን ሊገዛ ሲሄድ ዲሌይ ተብሎ ነበር። ቀኑ አለፈ፣ ሱቁ ሰጠው። ያኔ የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ በኋላ ወጥተው ሰውየው መከልከል እንደነበረበት ተናገሩ። አጣሪዋ መረጃው ወደሚገኝበት ትክክለኛው ፖሊስ ጣቢያ አልደረሰችም ነበር። እዚሁ ቴክሳስ፣ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ላይ በኖቬምበር 2017 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ20 በላይ ሰው ያለቀውስ? የገዳዩን የጥፋተኝነት ፍርድ አየር ኃይሉ ወደ ሲስተሙ ስላልላከው መሣሪያ ሲገዛ አልፎ ነበር። ልብ በሉ። ፋይሉ ባለመሟላቱ እነሱ አለፉ። እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ፋይል ባለመሟላቱ ቆሜያለሁ። ሁለቱም ከአንድ ቦታ የመጣ ጥፋት ነው። አንዱ ካውንቲ ሰው ታሰረ ብሎ ይመዘግብና ፍርዱ ምን እንደሆነ ሳይልክ ይቀራል። አጣሪው ያንን ፍለጋ በየፍርድ ቤቱ ይደውላል። መዝገብ ቤቱ ካልመለሰለት ቀኑ ዝም ብሎ ያልፋል። ለዚህ ሰው መቅጠርና ገንዘብ መመደብ ያለበት መንግሥት ነው። በ2020 ብቻ ከ39 ሚሊዮን በላይ ማጣሪያ አልፏል። ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ሲስተም የተሟላ መዝገብ ይገባዋል።

ሲያትል ያለው የአጎቴ ልጅ አሥር የሥራ ቀን ይጠብቃል። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ለሁሉም እንዲህ አድርጎታል። ካሊፎርኒያ 10 ቀን ነው። ሜሪላንድ ለሽጉጥ 7 ቀን፣ ኮሎራዶ 3 ቀን። ረጅም ነው ብላችሁ ይሆናል። ለኔ ግን የአጎቴ ልጅ የታደለ ነው። ሁሉም ሰው እኩል ይጠብቃል፣ ማንም ማንንም በጥርጣሬ አያይም። እሱ ካላንደሩ ላይ ቀን ያከብባል። ፈረቃውን ያስተካክላል። እኔ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር እዘላለሁ።

ከሁሉ የማይገባኝ ደግሞ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ተጣርቼ ንጹህ ነህ ከተባልኩ በኋላ ለምን አይታወስልኝም? መልሱን አውቀዋለሁ። ፕሮሲድ የተባለ ሰው መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠፋ ሕግ ያዛል። መንግሥት የባለመሣሪያዎችን መዝገብ እንዳይሠራ ተብሎ ነው። ሐሳቡን እረዳዋለሁ፣ መንግሥት ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ካየ አገር የመጣ ሰው ሐሳቡን አይንቀውም። ግን ዋጋውን የሚከፍለው ባለ ሞክሼው ነው። ዛሬ ያጸዳኝ ሰው ነገ አያስታውሰኝም።

መፍትሔ ተብሎ የተቀመጠ አንድ መንገድ አለ፣ ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ዩፒን ይባላል። ዲሌይ ወይም ዲናይ የበዛበት ሰው አሻራውን አስገብቶ በፈቃዱ ያመለክታል። መረጃዬን ያዙልኝ፣ ያ ሰው እኔ እንዳልሆንኩ እወቁልኝ ማለት ነው። ከተፈቀደለት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቀጥሎ ሲገዛ ፎርሙ ላይ ይጽፈዋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ለምን እኔ ፈልጌ ላግኘው? ዲሌይ ሲመጣ ሻጩ አንድ ወረቀት ቢሰጠኝ፣ «እንዲህ ማመልከት ትችላለህ» ቢለኝ በቂ ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ፎርሙ ላይ አማራጭ ነው። ብዙዎቻችን ስርቆት ፈርተን ባዶ እንተወዋለን። ከሞክሼ የሚለየን ግን እሱ ነው፣ ሙሉት። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ የስቴቱን መሣሪያ መያዣ ፈቃድ ካወጣችሁ ሱቁ ኒክስን መጠየቅ ግድ አይሆንበትም። ያም አሻራና ትምህርት ይጠይቃል፣ ቢሆንም አንዴ ነው።

ኮንግረስ ውስጥ ላሉ ተወካዮቻችን ልጽፍ ነው። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዲሌይ የተባለ ሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ አዎ ወይም አይ ይባል። ካውንቲዎች ፍርዱን በጊዜው ይላኩ። ዩፒን ደግሞ ፎርሙ ላይ በግልጽ ተጽፎ ሰው ሁሉ ይወቀው። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ እያዘጋጀሁ ነው። አብራችሁኝ መፈረም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዩፒን ያወጣችሁ ካላችሁም ስንት ጊዜ እንደፈጀባችሁ ንገሩኝ።