ይድረስ ለኪሴ ኮምፒውተር

ይድረስ ለተከበርከው የኪሴ ኮምፒውተር፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ ካንተ ጩኸት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ቻርጅህ እንዴት ነው? መቼም እኔ ምሳ ሳልበላ እውላለሁ እንጂ አንተ ሶኬት አጥተህ አታውቅም።

ይሄን የምጽፍልህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ለምን እንደነቃሁ አንተው ታውቃለህ። ማታ ስተኛ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ ብዬ 2 ቁጥርን ነካሁ፣ አንተም እንደ ታዛዥ ልጅ በ2 ሰዓት ቀሰቀስከኝ፣ በራስህ 2 ሰዓት! የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ተነስቷል። ቆይ ግን ባንተ ቤት ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው አይደል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሥራ የሚጀምር ማነው፣ ሌባ ካልሆነ? በኛ ቤት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ስትቆይ 1 ሰዓት ነው፣ አለቀ፣ ሕፃን ልጅ ይገባዋል። ካንተ ጋር ግን 6 ስደምር 6 ስቀንስ ነው የምውለው፣ የጥርስ ሐኪሙ "ሐሙስ 4 ሰዓት" ሲለኝ 4 ብዬ ጻፍኩልህ፣ በ10 ሰዓት ሄጄ ዘበኛውን ነው ያገኘሁት።

አንተን ስገዛ ሱቅ ውስጥ የነበረው ልጅ "ወንድሜ ይሄ እኮ ስልክ አይደለም፣ ቢሮ ነው" ብሎኝ ነበር። ቢሮነትህ እውነት ነው፣ ነገ ና ማለት ትችላለህ፣ ፋይል ማጥፋት ትችላለህ፣ ፊደል ካልተስተካከለ ደግሞ አታስተናግድም። ባለፈው ኩሽናዬን ውሃ ሲያጥለቀልቀው ሱሪዬን ሰብስቤ "የውሃ ሰራተኛ" ብዬ ብፈልግ፣ የለም አልከኝ። ለካ ቁጥሩን ስመዘግብ የአማርኛ አስተማሪዬ ትዝ ብለውኝ ነው መሰለኝ በሥርዓቱ "የውኃ ሠራተኛ" ብዬ ጽፌልሃለሁ። አሁን እስቲ በእግዜር፣ ሃ እና ኃ፣ ሰ እና ሠ በጆሮ ምን ልዩነት አላቸው? ቁጥሩ ሲጠፋብኝ በባልዲ እየቀዳሁ አራት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርኩ፣ ሰውዬው ሲደርስ ምንጣፉ ተንሳፎ ነበር። የቤት ሠራተኛ እንኳን "ሃይሉ ይሁን ኃይሉ" ብላ ሰው በር ላይ አታቆምም።

ዋናው ጉዳዬ ግን ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ረስቶታል ብለህ እንዳታስብ።

2017 መስከረም 12 ቀን ማኅበር ላይ ተበልቶ ተጠጥቶ ልንወጣ ስንል፣ እኔ የአባቴን ቦታ ተክቼ የገባሁት የማኅበሩ ትንሹ ልጅ፣ በዘመናዊነቴ ኮራ ብዬ አንተን አወጣሁና "የሚካኤል ማኅበር፣ በየወሩ ይደገም፣ ከሳምንት በፊትም አስታውሰኝ" አልኩህ። ቀኑ ባንተ ሴፕቴምበር 22 ነበር። ጥቅምት 12 ልክ በቀኑ ጮህክ፣ ኦክቶበር 22፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን ሳይቀሩ "ጉድ ነው ዘንድሮ" ብለው አደነቁህ። የዛን ቀን ጽዋውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ማለትም የኅዳር ተራ የኔ ነው፣ ጽዋውን ቡፌ ላይ አስቀምጬ አንተን ከጎኑ ቻርጅ ሰካሁህ፣ እሱም ዝም ብሎ ያየኝ ነበር፣ እኔ ግን አንተን አመንኩ።

እና የኛ ወር ከጳጉሜን በስተቀር ሁሉም 30 ነው (ጳጉሜንማ ባንተ ዘንድ ጭራሽ አልተፈጠረችም)፣ ያንተ ወር ደግሞ እንደ ፀባይህ አንዴ 30 አንዴ 31 አንዴም 28። ኦክቶበርህ 31 ስለሆነ ኅዳር 12 የሚውለው ኖቬምበር 21 ነው። አንተ ግን 22 ካልክ 22 ነው፣ ቃልህን አታጥፍም። ሳምንት ሲቀረው "አርብ ማኅበር አለብህ" አልከኝ፣ እኔም ለእህቴ ደወልኩ፣ አርብ ከሆነ የጾም ነው የምሠራው አለች፣ የጾም ይሁን ተባባልን፣ ጠላው ተጠነሰሰ፣ ድፎው ሐሙስ ማታ ሊጋገር ታሰበ። እህቴ እንዴት አልነቃችም እንዳትለኝ፣ የሷም ኪስ ውስጥ ያንተ ዘመድ አለ።

ሐሙስ ዕለት ከቤት ስወጣ ከተማው በሙሉ ጭስ በጭስ ሆኗል። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን እኮ ነው! ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሲታጠን የኖረ ከተማ በጭስ ቋንቋ "ዛሬ ነው" እያለኝ፣ እኔ አንተን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የሆነ ሰውዬ ስለ ሰዓት አጠቃቀም ሲያወራ እየሰማሁ፣ አይኔን እያሸሁ የአየር ብክለት የሚያሳይ አፕ ከፈትኩ። "ለጤና ተስማሚ አይደለም" አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው።

11 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እንዶሚ ቀቅዬ፣ በቁምጣ፣ ሳህኑን በእጄ ይዤ ከፈትኩት። ከፊት የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ ሙሴያችን፣ ከዛ እትዬዎቹ በነጭ በነጭ፣ አስራ ሰባት ሰው ደረጃው ላይ ተደርድሯል። ማንም ምንም አላለም። አባ ቁምጣዬን አዩ፣ እንዶሚውን አዩ፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና "ቤት ለእንግዳ" አሉ። እኔ እኮ የምለው ጠፍቶኝ "ነገ አልነበር እንዴ?" አልኩ፣ አንዷ እትዬ "ሚካኤልን ለነገ ያዞረው ማነው ልጄ?" ሲሉኝ አንተን ብዬ ልጠቁም ፈልጌ እንዶሚውን ነው የጠቆምኩት። የጎረቤት ልጅ ተልኮ ዳቦና አምቦ ውሃ መጣ፣ እህቴ ያልደረሰ ጠላ በጄሪካን ይዛ በታክሲ እየሮጠች መጣች፣ አባ ከዳቦ ቤት የመጣውን ዳቦ ባረኩ። የአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንገቴን ደፍቼ አመሸሁ። በማግስቱ አርብ፣ ኅዳር 13፣ ሰሃን እያጠብኩ አንተ በደስታ ሙዚቃ ጮህክ፣ "የሚካኤል ማኅበር ዛሬ ነው!" ከፊኛ ምስል ጋር።

ዘርህን ሳጣራ ነገሩ የቆየ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓይለት (በኋላ ፓልም ፓይለት የተባለው የኪስ ኮምፒውተር)፣ 128 ኪሎባይት ሜሞሪ ይዞ በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራው አያትህ፣ ሰው በቀጭን ብዕር ሲጽፍበት የሚያነበው ግራፊቲ የሚባል የራሱን የፊደል አጣጣል ነበር፣ ያንን ደግሞ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ይማርለታል። ያኔም ተማሪው ሰው ነው ማለት ነው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። ደስ ያለኝ ግን የሠራው ሰውዬ ጄፍ ሀውኪንስ ማሽኑ ሳይሠራ በፊት በልኩ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፣ ቀጠሮ ሲሰጡት እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍ ያስመስላል። አቦ እንጨቱን ሽጡልኝ! እንጨት ሌሊት አይጮህም፣ ፊኛ አያወጣም፣ ሚካኤልን አያዛውርም።

ስለ መዝናኛህ ብዙ አልልም፣ አፍሬ ነው። ቀን ልይ ብዬ ከፍቼህ አንዲት የ20 ሴኮንድ ቪዲዮ ታሳየኛለህ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ አንድ ሰውዬ ፍየል ሲያስቆጣ፣ ከዛ ፓኬጄ አለቀ የሚል ሜሴጅ ይመጣል፣ ቀኑ ስንት እንደሆነ ግን እስካሁን አላወቅኩም።

የማኅበሩ ሰዎች ደግ ናቸው፣ ቅጣቴን ከፍዬ ይቅር አሉኝ። በታኅሣሡ ማኅበር ላይ እኚያው እትዬ በዓላቱ በቀይ የተጻፉበት የግድግዳ ካላንደር ጠቅልለው አመጡልኝ፣ "ይሄ አይጮህም ግን አይዋሽም" ብለው። በጣም ነው የነካኝ። ቤት ስደርስ ሚስማር ስላልነበረኝ ለጊዜው እያንዳንዱን ወር ፎቶ አንስቼ አንተ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ካላንደሩን ደግሞ የሆነ ቦታ አኖርኩት። እና ቅድም ስታስነሳኝ፣ የሚቀጥለው ሚካኤል መቼ እንደሚውል ልይ ብዬ ፎቶውን ፍለጋ ከፈትኩህ። ሊነጋ ነው፣ 11 ሰዓት ሆኗል፣ ባንተ 5። ሰውዬው አሁንም ፍየሏን እያስቆጣት ነው።