አሥር ቋሚ

አራት ኪሎ፣ ከትምህርት ሚኒስቴር ብዙ ሳትርቅ፣ ስድስት በርጩማ ያላት የጀበና ቡና ቤት አለች። ባለፈው ሳምንት አራቱን በርጩማ የያዝነው እኛ ነበርን። ወሬውን ያመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰሜን ሸዋ ገጠር ተወልደው እዚያው ብዙ ዓመት አስተምረዋል። የቀበሌያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታጥፎ ልጆቹ ወደ ወረዳው ከተማ ሊዛወሩ ነው መባሉን ሰምተው ከፍቷቸዋል።

«እና ምን ችግር አለው?» አለ ባለ ላፕቶፑ። ፕሮጀክት ይጽፋል። የምን ፕሮጀክት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.2 በመቶ ነው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። የማያሳልፍ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል? ሪሶርሱን አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው።»

ቁጥሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ፈተናውን ራሱ ያረመ ነው የሚመስለው።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።»

«ጋሼ፣ ዳታ ነው እኮ የምናወራው።»

«እኔም ስለ አጥር ነው የማወራህ» አሉና ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ሲታጠር እያንዳንዱ አባወራ አሥር አሥር ቋሚ ባሕር ዛፍ እንዲያመጣ ተባለ። ባሕር ዛፍ የሌለው ሚስማር ገዛ። ሁለቱም የሌላቸው አንዲት ባልቴት ጉድጓድ ለሚቆፍሩት ጠላ ጠመቁ። የወረዳው በጀት እንደሆነ አብዛኛው ለደመወዝ ነው የሚሄደው። ዴስኩም አጥሩም ከገበሬው ኪስ ነው። ታዲያ አጥሩ ከቆመ በኋላ አንዱ ከብቱን ግቢው ውስጥ ቢለቅ፣ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረቱ) እስኪሰበሰብ ማን ይጠብቃል? ጎረቤቱ ራሱ ነው የሚጮህበት። ቋሚው የሱ ነዋ!

«አጥር ልጅ አያሳልፍም» አለ ባለ ላፕቶፑ፣ ሳቀም። ብቻውን ነው የሳቀው። «ይኸው እዚህ የኮሪደር ልማቱ ስንቱን አጥር አፍርሶ ከተማው አማረበት አይደል?»

እውነቱን ለመናገር ክርክሩ እዚህ ጋ ነው ያለቀበት። ከዚያ ወዲያ ያለው «ኦፕቲማይዝ» ብቻ ነው።

ይሄን ጊዜ ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰሉን እያራገበች ገባችበት። «ወረዳ ከተማ መማር ማለት እኮ ቤት መከራየት ነው።» እሑድ ማታ ደርቆሽና በሶ፣ ሽሮም ተሸክመው ይወጡ ነበር። ሦስት ሴቶች ባንድ ክፍል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አከራይዋ ጨመረችባቸው። «ሁለቱ ጓደኞቼ ተዳሩ። እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም፣ እዚህ መጣሁ።»

«ትራንስፖርት ይመቻቻል» አላት። በየትኛው መንገድ፣ ማን እንደሚያመቻች አልነገራትም። ወዲያው ስልኩ ጠራ። የልጁ ሰርቪስ ነው፤ መንገድ ተዘጋግቶበት ይዘገያል።

«ባለቤቱን ካልናቁ…» አሉ ጋሼ። ሁላችንም ጨረስንላቸው።

«የፊዚክስ መምህሩ ተዛውሮ ከሄደ ሁለት ዓመቱ» ቀጠሉ። «ምትክ አልመጣም። ልጁ ከየት አምጥቶ ያልፋል? መምህር ላኩልን ነው ያልነው። ልጆቹን ውሰዱልን ያለ አለ?»

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከ2015 ጀምሮ «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች እንዲያዋጣ ሲጠየቅ ነው የከረመው። ጥሩ ነው፣ ያዋጣ። አዋጣ ሲባል ባለቤት፣ ይታጠፍ ሲባል ግን ባዳ! ቢያንስ ቋሚውን ይመልሱለታ።

እኛስ ብንሆን? የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ አለው። ዘንድሮ ክፍያ ጨመርን ብለው ለጠፉ። ቤቱ የማይሳደብ የለም፤ ግሩፑ ላይ ግን ሁሉም አውራ ጣት ላከ። እኔም ልኬያለሁ። የማንንም ወላጅ ፊት አላውቅም። የዕድር መዋጮም በስልክ ሆኗል፤ ገንዘቡ ይደርሳል፣ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው የጠፋው። ጋሼ ደግሞ ሲወጡ ያንኑ ተረት ጆሮዬ ላይ ደገሙልኝ። የልጄ ትምህርት ቤት አጥር ከምን እንደተሠራ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ቆርቆሮ ይመስለኛል።