ልጅ ወልጃለሁ፤ ግብሬ ይቀንሳል?

ደመወዝ ከፋዮች ደጋግመው የሚጠየቁት ጥያቄ ነው፦ «ልጅ ወልጃለሁ፤ የሥራ ግብሬ ይቀንስልኛል?» አይቀንስም። አራት ልጅ ቢያሳድጉም፣ አቅመ ደካማ እናት ቢጦሩም አይቀንስም። የገቢ ግብር ሕጋችን የሚያየው ደመወዙን እንጂ በዚያ ደመወዝ የሚያድረውን ሰው ብዛት አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በቀድሞው ስሌት 2,700 ብር ግብር ይከፍል ነበር፤ አሁን 2,250 ብር ይከፍላል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 840 ብር ሲነሳለት፣ እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። ወንደላጤው ይህን ለብቻው ይይዛል፤ ስድስት ሰው የሚያስተዳድረው ባልደረባው ለሰባት ያብቃቃዋል። ግብራቸው ግን እስከ ሳንቲሙ እኩል ነው። የ450 ብሩ ቅናሽ ባይናቅም ይህን ልዩነት አልነካውም።

የሚገርመው፣ ሌሎቹ ሕጎቻችን እነዚህን ጥገኞች አሳምረው ያውቋቸዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅ ለልጅ፣ ልጅ ለወላጅ፣ ወንድም ለእህት ሳይቀር ቀለብ የመስጠት ግዴታ ይጥላል። የጡረታ ሕጉም ሠራተኛው ሲሞት የትዳር ጓደኛውን፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹንና በእርሱ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆቹን ተተኪ ብሎ አበል ይቆርጥላቸዋል። ታዲያ አባወራው ሲሞት የሚታዩት ሰዎች፣ በሕይወት ሳለ የማይታዩት ለምንድን ነው?

«ከተፈቀደማ ሁሉም የአጎቱን ልጅ እያመጣ ያስመዘግባል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ገደብ ማበጀት ይቻላል። አሜሪካ ለ2025 የግብር ዘመን በአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ግብር ትቀንሳለች፤ ልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለየሰዉ የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ሊኖረው ይገባል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን አዲስ አበባ ላሉ እናታቸው በየወሩ ገንዘብ ቢልኩ እንኳ፣ እናትየዋ የአሜሪካ ዜግነትም የነዋሪነት ፈቃድም ከሌላቸው የማስተዳድራቸው ሰው ናቸው ብለው ለግብር ቅናሽ ሊያስመዘግቧቸው አይችሉም። ጨካኝ ገደብ ነው፤ ቢሆንም በር ጭራሹን ከመዝጋት ይሻላል።

ስለ መንግሥት ገቢ መቀነስ የሚነሳው ክርክር ብዙም አይዋጥልኝም። ሒሳብ የሚይዝ ነጋዴ የሱቅ ኪራዩን፣ የሠራተኛ ደመወዙን ወጪ ብሎ ቀንሶ ነው ግብር የሚከፍለው። ተቀጣሪው ለታክሲ ያወጣውን እንኳ መቀነስ አይፈቀድለትም፤ ግብሩም ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ከዚህ ሁሉ ታማኝነት በኋላ ልጅ ቢቆጠርለት ምን ይጎዳል?

ጅማሬው ቀላል ሊሆን ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት ያለው፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻ ይመዝገብ፤ በእያንዳንዱ ልጅ ከግብር ነፃ በሆነው 2,000 ብር ላይ የተወሰነ ይጨመር። ባልና ሚስት ሁለቱም ተቀጣሪዎች ከሆኑ ልጁ በአንዳቸው ስም ብቻ ይያዝ። የወላጆች ጉዳይ ማጣራት ስለሚያስቸግር በሁለተኛው ዙር ይምጣ።