መስኮቱ ለማን ተከፈተ? ክርክር በኖርዝአምፕተን የጫማ ፋብሪካዎች ላይ

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «የእንግሊዟ የጫማ ከተማ ኖርዝአምፕተን የቪክቶሪያ ዘመን ፋብሪካዎቿን ወደ አፓርታማ መለወጧ ተገቢ ነው።» ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

የኖርዝአምፕተን የጫማ ፋብሪካ ከከተማ ዳር የተገለለ ግዙፍ ነገር አይደለም። በተያያዙ የሠራተኛ ቤቶች መሐል፣ መንገድ ማዕዘን ላይ፣ ሦስት ፎቅ ቀይ ጡብ ሆኖ ቆሞ ያገኙታል። ከሩቅ ላየው ትምህርት ቤት ይመስላል። ሥራው ግን ፎቆቹ ላይ ይነበባል። ሶል የሚቆርጠው ከባድ ማሽን ከታች ነው። መሐል ላይ ሴቶች የላይኛውን ቆዳ ይሰፋሉ። ቆዳ ቆራጮቹ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ናቸው። ግድግዳው ላይ ማንሻ አለ፤ ፎቁ ላይ ደግሞ ቆዳው የሚገባበት በር።

እንዲህ ያለው ሕንፃ ባዶውን ሲቀር ጣሪያው ማፍሰስ ይጀምራል፣ ርግብ ይሰፍርበታል፣ አንድ ቀን እሳት ይበላዋል። ሰው ይግባበት እንጂ! ለመኖሪያም ይመቻል። አሠሪዎቹ ለሠራተኛው አስበው መስኮቱን አስፍተውታል።

ተቃዋሚ

«ለሠራተኛው አስበው»! እህቴ፣ ይህችን ዐረፍተ ነገር እስቲ ደግመው ያንብቧት።

ቆራጩ ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት የቆዳውን ጠባሳ፣ ስሱንና ወፍራሙን ማየት አለበት። ካላየ ውድ ቆዳ ከሰረ ማለት ነው። ብርሃኑ የታሰበው ለቆዳው ነው። ሰውየው እግረ መንገዱን በራለት።

ሠራተኛው ምን እንደተሰማው ማወቅ ከፈለጉ ወደ 1850ዎቹ መጨረሻ ይመለሱ። የጫማ ፋብሪካ ባለቤቱ ማንፊልድ እዚያው ኖርዝአምፕተን፣ ካምቤል አደባባይ ላይ ያን ቤተ መንግሥት የመሰለ ሕንፃ ሲያቆም፣ የስፌት ማሽንም በዚያው ሰሞን ሲገባ፣ ጫማ ሰፊዎቹ ሥራ አቆሙ። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ጓሮው ባለች ክፍል፣ በራሱ ሰዓት ነበር የሚሠራው። ሰኞን «ቅዱስ ሰኞ» ብሎ ይጠጣባታል፤ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ እስከ ሌሊት ሠርቶ ያካክሳል። ያ ሕንፃ የመጣው ሰኞውን ሊወስድበት ነው። እናንተ አሁን የመኝታ ቤት መጋረጃ ትሰቅሉበታላችሁ።

ደጋፊ

ጌታው፣ ከጻፍኩት ሁሉ አንድ መስኮት መርጠው ተንጠለጠሉበት። ይሁን።

ያቺ የጓሮ ክፍል ግን እንደዚያ አታምርም። ሚስትና ልጆችም እዚያው ይሠሩ ነበር፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ራሳቸው ደሞዝ። ትምህርት ቤት መዋል የነበረበት ልጅ አባቱ ጎን ተቀምጦ ሥራው ላይ ይጎብጣል። ቅዱስ ሰኞን የሚያወድስ ሰው ዓርብ ሌሊት ማን እንደሚሠራ ረስቷል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ከየቤቱ ወጥቶ ፋብሪካ ውስጥ ይሁን ብሎ የታገለው እኮ የሠራተኞቹ የራሳቸው ማኅበር ነው! ይህንን እንዴት አለፉት?

በዚያው ዘመን ቻርልስ ዶርማን የነደፈውን የዌሊንግቦሮ መንገዱን የማንፊልድ ፋብሪካም ይመልከቱ። ከፊቱ ሕንፃ በስተጀርባ ሥራው በሙሉ አንድ ወለል ላይ ተዘረጋ። ደረጃ መውጣት የለም፤ ብርሃን ከጣሪያ ይወርዳል። የካምቤል አደባባዩስ የት አለ? በ1982 አፈረሱት። ለእርስዎ ያኛው ይሻላል?

ተቃዋሚ

ደግሞ ብርሃን! መስኮቱ ጣሪያ ላይ ስለወጣ ሐሳቡ ተለወጠ ማለት ነው?

አንድ ወለል የሆነው ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ እንዲሄድ ነው። ካቦውም አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉንም ያያል። ደረጃው የቀረው ለማን ጉልበት ታስቦ እንደሆነ አሁንም አልነገሩኝም። በመጋቢት 1895 አሠሪዎቹ በመላው አገሪቱ በር ሲዘጉ ከ40 ሺህ በላይ ሠራተኛ ውጭ ቀረ። ያኔ መስኮቱ ጠባብ ነበር?

እኔን የሚያበሳጨኝ አፓርታማው ብቻ አይደለም። ሻጩ «የዘመኑ ውበት» ይላል፣ «ከፍ ያለ ጣሪያ» ይላል። በሩ ላይ ያለው የድሮው ባለቤት ስም ተወልውሎ ያበራል። ሃያና ሠላሳ ዓመት እዚያ ቆሞ ፎርማ ላይ ቆዳ ሲወጥር የኖረው ሰው ስሙ የት ነው? በአድማው የተባረረውስ? እሱን አንድ ሰሌዳ እንኳ አያስታውሰውም።

ደጋፊ

አሁን ገባኝ። መጀመሪያ ክርክራችን በአፓርታማ ነበር። ከዚያ በመስኮት ሆነ። አሁን ደግሞ በሰሌዳ። ስለ ማኅበሩ ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። በ1982 ስለፈረሰው ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። እኔ መቼም ስለ አሠሪዎች ደግነት የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር፤ እርስዎ ሁለት ዙር ሙሉ ኖሩበት።

ሰሌዳውን ይለጥፉ፤ መዶሻውን እኔ አቀብላለሁ። ግን ለመለጠፍ ግድግዳ ያስፈልጋል። ግድግዳውን ያቆሙት ደግሞ እነዚያ መጋረጃ ሰቃዮች ናቸው።

ተቃዋሚ

ግድግዳው ይቁም፤ ይፍረስ ያልኩበትን ቦታ ያሳዩኝ። ያልኩት የሻጩ ወረቀት ላይ ካለው የበለጠ ይጻፍበት ነው። ስለ አድማው ይጻፍ፣ ስለ 1895ም ይጻፍ። ስለ ማኅበሩም እሺ፣ ይጻፍ።

«ለሠራተኛው አስበው» የሚለው ግን አይጻፍ።