እንኳን ደስ አላችሁ፣ «ለመገንዘብ ተችሏል»

ሰኔ ገባ። የመመረቂያ ጽሑፍ ጥራዝ በየትምህርት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሏል። ሰሞኑን ከጥራዞቹ ባንዱ፣ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ፣ «ለመገንዘብ ተችሏል» አምስት ጊዜ ተደርድሮ ታየ። እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። ማን ተገነዘበ? ማን ቻለ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ገና ምሁርነት ያልገባው ሰው ነው።

አማርኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው። «መረመርኩ» ሲባል በመጨረሻ ያለችው «ኩ» ብቻዋን አድራጊውን ትናገራለች፤ «እኔ» ማለት እንኳ አያስፈልግም። ይህ ለተራ ሰው ይበቃል። ምሁሩ ግን ራሱን እንደ ሩቅ ዘመድ ያነሣል፦ «አጥኚው መርምሯል»። ነገሥታቱ ስለራሳቸው ሲናገሩ «እኛ» ይሉ ነበር፤ የኛ ሰው ትሑት ነውና «እሱ» ይላል።

ጥበቡን ለጀማሪዎች እናካፍል። «መምህሩ ድርሰቱን አላረመም» እንበል። ሦስት ቃል፤ ያሳፍራል፣ ማንም ይረዳዋል። በመጀመሪያ ግሱን ስም አድርጉና «አደረገ»ን ደግፉበት፦ «መምህሩ በድርሰቱ ላይ እርማት አላደረገም»። ቀጥሎ «ሥራ» ጣል አድርጉበት፤ ያለ ሥራ ሥራ አይሠራም፦ «መምህሩ በድርሰቱ ላይ የእርማት ሥራ አልሠራም»። በሦስተኛው ደረጃ «ተ»ን አስገቡ፦ «በድርሰቱ ላይ የእርማት ሥራ አልተሠራም»። መምህሩ ወጣ። ሲወጣ ያየው የለም። አራተኛው ደረጃ የረቂቆች ነው፤ «አልተሠራም» ጆሮ ስለሚሻክር «አንጻር» እና «ውስንነት» ይጠሩለታል፦ «በድርሰቱ ላይ ከሚሠራው የእርማት ሥራ አንጻር ውስንነት ይስተዋላል»። ልብ በሉ፣ አሁን አሉታው ራሱ ጠፍቷል። ጭራሽ ያልተሠራው ሥራ እየተሠራ፣ ትንሽ ብቻ ጎድሎት ቀርቧል። አምስተኛ፣ «ትግበራ»ን ሸጉጡ፣ ውስንነቱን አብዙ፣ መጨረሻውን ቋጩት፦ «በተማሪዎች ድርሰት ላይ ከሚከናወነው የእርማት ሥራ ትግበራ አንጻር ውስንነቶች የሚስተዋሉ መሆኑን ለመገንዘብ ተችሏል»። 13 ቃል። ቸር ከሆናችሁ ከፊቱ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው» በሉና 16 አድርሱት፤ መግለጹም ሙከራ ብቻ ስለሆነ ማንም አይጠይቃችሁም። የአማርኛ ማሰሪያ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢ 15 ቃል ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ደርሶ የሚያገኘው፦ «ተችሏል»።

ከ16ቱ ቃላት ውስጥ ሰው የሚባሉት ተማሪዎቹ ብቻ መቅረታቸውን አያችሁ?

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቆይ። አንድ ልጅ ድርሰት ጽፎ ደብተሩን አስረክቧል፤ ደብተሩ ቀይ እስክሪብቶ ሳይነካው ተመልሷል። መምህሩ 70 ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀውበት ጊዜ አጥቶ ይሆናል። ሰንፎም ይሆናል። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፤ ጥናት የሚያስፈልገውም ይህን ለይቶ ለመናገር ነበር። አድራጊውን ከዓረፍተ ነገር ያባረረ ሰው ምክንያቱንም አብሮ አባሯል። ይህ ማድበስበስ ነው፤ በማድበስበስ ዲግሪ ይሰጣል! ተደራጊ ግስ በራሱ ኀጢአት የለበትም፤ «ቃለ መጠይቁ ተቀድቶ በጽሑፍ ተገለበጠ» ቢባል ማን እንደቀዳው ለውጤቱ ለውጥ የለውም። ችግሩ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ሲሰወርበት ነው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ይህን ጉድ በኮምፒውተር ቆጥሮ ለማጋለጥ የሚነሣ የቋንቋ ተመራማሪም አይጠፋም። ለእሱም ወጥመድ ተዘጋጅቶለታል። «ዓላማ»ን በአንድ ጥራዝ ውስጥ በ«ዓ»፣ በ«አ»፣ በ«ኣ»፣ በ«ዐ» ይጽፉታል፤ ማሽኑ አራት ቃል ያደርገዋል። «ጽሑፍ» ደግሞ «ጽ» ወይም «ፅ»፣ ከዚያ «ሑ» ወይም «ሁ» ወይም «ኁ» እየተባለ ስድስት መልክ ያወጣል። ስለዚህ «የጽሑፉ ዓላማ» የምትለው ሐረግ በ24 መልክ ልትመጣ ትችላለች። ገና «በጽሑፉ»፣ «ለጽሑፉ»፣ «ከጽሑፉ» አልተነኩም። መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ሳይመልስ፣ ቀጥሎ መነሻና መድረሻ ቅጥያውን ሳይነቅል ቆጠራ የጀመረ ሰው ያገኘው ቁጥር የኮምፒውተሩን ድካም ብቻ ያሳያል።

መግቢያውንም አንርሳ። የቋንቋ ምሁሩ ጆን ስዌልስ የምርምር መግቢያ ሦስት እርምጃ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳይቷል፦ መስኩን ማስተዋወቅ፣ ክፍተት ማሳየት፣ ክፍተቱን መሙላት። የኛዎቹ ሁለተኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል፦ «አጥኚው እስካወቀው ድረስ በዚህ ርእስ የተሠራ ጥናት የለም»። እውነታቸውን ነው። ርእሱ «በ9ኛ ክፍል ተተኳሪነት» ብሎ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ይጠራል፤ በዚያ ትምህርት ቤት ማንም አልሠራም። በሚቀጥለው ዓመት 10ኛ ክፍል ይጠብቃል።

ሰንጠረዡስ! «ከ40 መላሾች 24ቱ (60%) ሲስማሙ 16ቱ (40%) አልተስማሙም። ይህም አብዛኞቹ የተስማሙ፣ ቀሪዎቹ ግን ያልተስማሙ መሆናቸውን ያሳያል»። ትንተና ማለት ይህ ነው፤ ገጽ ይሞላል፣ ማንንም አያስቀይምም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የመፍትሔ ሐሳብ አለ፦ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል»። በሦስተኛው ደረጃ ላይ የጠፋብን መምህር ስሙን ለውጦ የተደበቀው እዚህ ሳይሆን አይቀርም።